ታንከር ላይ የቀረው ጭልፊት

ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ከሶዶ ወደ ዱቦ፣ ወንድ አያቴ ቤት ትልከኝ ነበር። ከሚኒባሱ ወርጄ የቀረውን መንገድ በእግሬ ስሮጥ የምቸኩለው ለአክስቴ ለአስካለች ነበር። አስካለች የእናቴ ታናሽ ናት፤ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችው እኔ ፊደል በቆጠርኩበት ዓመት ነው። ከዚያ የሚመጡ ሁሉ ብርድ ልብስና ሽቶ ያመጣሉ። እሷም አምጥታለች፤ ለእኔ የደረሰኝ ግን የእንስሳቱ ወሬ ነበር።

ማታ ላሟ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከእኛ በአንድ አጣና ብቻ ተለይታ ታመነዥካለች፤ ጎደሬው ፍም ውስጥ ተቀብሮ ልጣጩ መሰንጠቅ ሲጀምር አክስቴ በእንጨት እያገላበጠች ወሬዋን ትጀምራለች። አያቴ ጋዝ እንዳያልቅ ኩራዙን በጊዜ ስለሚያጠፉት የሚቀረን የፍሙ ብርሃን ብቻ ነው፤ ያኔ የአክስቴ ፊት ግማሹ ቀይ ግማሹ ጨለማ ይሆናል፣ ድምጿም የቀኑ ድምጿ አይመስለኝም ነበር።

እኛ ከበቆሎ ማሳ በወንጭፍ የምናባርራቸው ዝንጀሮዎች እዚያ ተራራ ላይ መንገድ ዳር ተደርድረው መኪና ያስቆማሉ፣ ሰዎቹም ወርደው ሙዝ ያጎርሷቸዋል አለችኝ። ግመል በፒክአፕ ኋላ ተንበርክኮ ከተማውን እንደ ተሳፋሪ ግራና ቀኝ እያየ ሲያልፍ አይታለች። የአሠሪዎቿ ድመት ሐኪም ነበራት። አያቴ ይህን ሲሰሙ ጉልበታቸውን እያሹ «እኔም እዚያ ድመት ሆኜ ብወለድ ኖሮ ይኼ ጉልበት ይድን ነበር» ይሉና እንስቃለን። የእሳቸው ሳቅ አክስቴን ያሞቃት ነበር፤ እንጨቷን አስቀምጣ በሁለት እጇ መተረክ ትጀምራለች።

የጭልፊቱን ታሪክ የጀመረችልን ግን እንግዳ ባለበት ምሽት ነበር። እንግዳው ጋሽ ዳና ናቸው፤ የአያቴ ዘመድ፣ የዲምቱ ገበያ ከብት ነጋዴ፣ በገቡበት ቤት ሁሉ ሰው የሚያስቁ። ጎደሬውን በሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ እያጠቀሱ ያዳምጡ ጀመር።

አሠሪዋ ሽማግሌው፣ በእንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ውስጥ፣ ምንጣፉ መሀል፣ መቆሚያ ተሠርቶለት ጭልፊት ያኖሩ ነበር። ይህን ለአክስቴ የነገራት ሰው አልነበረም። በገባች ሰሞን ክፍሉን ልታጸዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ስትገባ፣ ጭልፊቱ ዓይኑን አፍጥጦ ቆሟል። ከሥሩ፣ ካርቶን ውስጥ፣ የቤቱ ልጆች ከገበያ ያመጧት ጫጩት ትጮኻለች፤ ለልጅ መጫወቻ ብለው ቀይ ቀለም የነከሯት። ዱቦ ላደገ ሰው ጭልፊት ጫጩት አጠገብ ሲታይ የሚታሰብ ነገር የለም፤ ይጮኻል እንጂ። አክስቴም የመወልወያውን ጨርቅ እያወናጨፈች የአገሯን ጩኸት ጮኸች። ጭልፊቱ ሊበላ ተፈትቶ ነበርና በተከፈተው በር ወጥቶ በረረ፣ ጎረቤት ጣራ ላይ ካለው የውሃ ታንከር ጫፍ ሄዶ ተቀመጠ። ዋጋው የመኪና ዋጋ መሆኑን የቤቱ ምግብ አብሳይ ጭንቅላቷን ይዛ ስትጮህ ነው ያወቀችው።

አክስቴ ሽማግሌው እንዴት እንደወጡ ልታሳየን እጇን ስታነሳ ጋሽ ዳና ጎደሬው እስኪያንቃቸው ድረስ ሳቁ።

«አስካለች፣ ጭልፊት ሳሎን? ጫጩት ደግሞ ቀይ? ከብት ስሸጥ ዕድሜዬ አለቀ፣ ነገ ሰማያዊ ላም አይቻለሁ በይኛ።»

አያቴም ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ የጋሽ ዳናን ሳቅ ሰምቶ ዝም ማለት አይቻልም። አክስቴ እጇን አወረደች። ቀስ ብላ ፍሙን በአመድ ሸፈነችና «ቀልዴን ነው» አለች።

ያን ምሽት ቁርበቴ ላይ እየተገላበጥኩ አሰብኩ፤ ጭልፊቱ ቀልድ ከሆነ ዝንጀሮዎቹም፣ ግመሉም፣ ድመቷም ቀልድ ናቸው። እውነት ከሆነ ደግሞ ወፉ እስካሁን ታንከሩ ላይ ነው፣ አክስቴም ከታች ባዶ እጇን ቆማለች። እሷ ተመልሳ ከጎኔ መተኛቷን እያየሁ እንኳ ለእሷ እፈራ ነበር። ጫጩቷስ? በነጋታው ስጠይቃት «ተይው ልጄ፣ ወሬ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዱቦ በሄድኩ ቁጥር ፍሙም ጎደሬውም ላሟም ነበሩ፤ አክስቴ ግን ስለ ባሕር ማዶ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አደግሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ጭልፊቱም እንደተቀመጠ ቀረ።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ሥልጠና ውጭ ላከኝ። ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። አውሮፕላን የምቀይርበት ከተማ፣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ በሚያልፍበት አዳራሽ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጓንት ባጠለቀ እጁ ላይ ጭልፊት። ዓይኑ በትንሽ የቆዳ ቆብ ተሸፍኗል፣ እግሩ በጠፍር ታስሯል። ስልኬን አውጥቼ ወፉን ላሳይበት ወይ ብዬ በምልክት ጠየቅሁት፤ እሺ ብሎ እጁን ትንሽ ከፍ አደረገልኝ።

አክስቴ ዛሬም ዱቦ ናት፤ አርጅተው ዓይናቸው የደከመውን አያቴንና የወንድሜን ልጆች ይዛ። በቪዲዮ ደወልኩላት፤ ስልኩን ስታነሳ ፊቷ ተለወጠ። «ምነው፣ ደህና አይደለሽም?» አለችኝ። ካሜራውን ወደ ወፉ አዞርኩት።

ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ቆብ አጥልቋል» አለች በመጨረሻ። «ያኔ አላጠለቀም ነበር።»

«ምንድን ነው እሱ?» የሚል የአያቴ ድምፅ ተሰማ። ስልኩን ፊታቸው ድረስ አስጠጋችላቸው። አያቴ ዓይናቸውን አጥብበው አዩ፣ አዩና «ጭልፊት ነው» አሉ። «ሰው እጅ ላይ ተቀምጧል።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አስካለች፣ ታዲያ ያኔ ለምን ቀልዴን ነው አልሽ?»

«ስትስቁብኝ ምን ልበል፣ አባባ?»

አያቴ ጉልበታቸውን ሲያሹ ይታየኛል። «በይ ጨርሺው» አሉ ቆይተው። «የት ላይ ነበር ያቆምሽው?»

«ታንከሩ ላይ» አልኩ እኔ፣ ቀድሜያት።

እሷም ከዚያው ቀጠለች። ሽማግሌው ወጡ፤ አልተቆጡም፣ እሱ ይብስ አስፈራት። ላባ የታሰረበት ገመድ እያሽከረከሩ ጠሩት፣ ወፉ ዞር ብሎም አላያቸው። ካልወረደ ታስሬ እቀራለሁ፣ አባባን ዳግም አላይም ብላ ፈራች። ያኔ ነው ሽማግሌው ወደ እሷ ዞረው ጫጩቷን አምጪ ያሏት።

«ሰጠሻቸው?» አልኩ፤ ድምፄ የሕፃን ሆነብኝ።

«ዓረብኛው እንዳልገባኝ ሆንኩ።»

«ገብቶሽ ነበር?» አሉ አያቴ።

«‹አምጪ› ማለትን እኮ ነው መጀመሪያ የሚያስተምሩት። ጫጩቷን ከካርቶኑ አንስቼ ጉያዬ ውስጥ ደብቄያት ነበር። ከጭልፊት አፍ አውጥቼ መልሼ ለጭልፊት ልስጣት?»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ረሃቡ ሲጠናበት፣ ወፉ በራሱ ወርዶ ሽማግሌው እጃቸው ላይ የያዙትን ሥጋ ያዘ። ወፉን ይዘው በአክስቴ አጠገብ ሲያልፉ ጫጩቷ ከጉያዋ ጮኸች። ሽማግሌው ቆሙ። የቀሚሷን አንገት አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ከት ብለው ሳቁ።

«አንቺስ?»

«እኔማ አለቀስኩ። አለመቆጣታቸው ሲገባኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጫጩቷ ቀዩ ረግፎ ነጭ ዶሮ ሆነች፤ ወደ አገሬ ስመለስ እንቁላል ትጥል ነበር።»

እዚያ ማንም በማያውቀኝ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ፣ ደረቴ ላይ ለዓመታት የነበረ ነገር ሲለቀኝ ተሰማኝ። ጋሽ ዳና ሞተዋል፤ ይህን ቢሰሙ ከእኛ ይበልጥ የሚስቁት እሳቸው ነበሩ። ከእነዚያ ምሽቶች ብዙው ጠፍቶብኛል፣ ኩራዙ የት እንደሚሰቀል እንኳ አላስታውስም። ያ በአመድ የተሸፈነ ፍም ግን ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ለካ ከሥሩ አልጠፋም ነበር።

የበረራዬ ጥሪ ተሰማ። «ሂጂ፣ እንዳያመልጥሽ» አለችኝ አክስቴ። ስልኩን ወደ ጎን ስታስቀምጠው የወንድሜ ልጆች ሌላ ንገሪን እያሉ ሲጨቀጭቋት ይሰማኛል። እንቢ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ዝንጀሮዎች መኪና የሚያስቆሙበት ተራራ አለ» ብላ ጀመረች።

ስልኩን ሳልዘጋ ሰልፉ ውስጥ ገባሁ።