ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱ ቃል

ሀዲስ ቁንዝላ አጠገብ በአባቱ በመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ጉባኤ አምስት ዓመት ቅኔ ቆጥሮ፣ ሳይመረቅ ባሕር ዳር የቀረ ሰው ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ይጨንቀዋል። ሰው ጎግል ላይ የአንድ ገዳም ስም ሲፈልግ ከርዕሱ ሥር ሁለት መስመር ጽሑፍ ይወጣ የለ? ምእመናንን ወደ ደሴት ገዳማት በጀልባ ለሚያሻግር አንድ ድርጅት እነዚያን ሁለት መስመሮች የሚጽፈው እሱ ነው። ይህን ለመሪጌታ እንዴት ብሎ ያስረዳቸው!

የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ የብርጓል ኅዳር ላይ ጠርተው ቁርጡን ነገሩት።

“ድረ ገጻችን ላይ ያሉት የአርባው ገዳማት ገጾች ያለ መግለጫ ተቀምጠዋል። እስከ ጥምቀት ሰው ካልደወለልን ጀልባዋን እሸጣለሁ፤ አንተም ሌላ እንጀራ ፈልግ።”

“ለእያንዳንዱ የራሱን እጽፍለታለሁ፣ እትዬ።”

የሰውየው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ቢሮ ያለው ገድሉ ለሆቴሎች ያንኑ ሥራ ሲሠራ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ስም ብቻ እየቀያየረ በአንድ ጠዋት ሠላሳ ገጽ ይገላገላል። ሀዲስ ይህ አይሆንለትም። መሪጌታ፣ ተማሪ ትናንት የተባለ ቅኔ ይዞ ከቀረበ “ይህን ሰምቼዋለሁ” ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እሱም አንድ ጊዜ ደርሶበታል፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ስለዚህ “ጥንታዊ”ን ለአንዱ ገዳም ሰጥቶ ለሠላሳ ዘጠኙ ከለከለ። አንዱ ገጽ አንድ ቀን፣ ሲብስም ሁለት ቀን ይፈጅበት ጀመር።

“አንተ ሰውዬ፣ ማኅሌት ልትቆም ነው እንዴ?” ይለዋል ገድሉ በመስኮት።

“ሁሉም አንድ ዓይነት ከተባለ ማን ከማን ይለያል?”

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ግን ምን ፈየደለት?

ታኅሣሥ ሲያልቅ ሠላሳ አምስተኛው ላይ ነበር። ስልኩ አልጮኸም። ወይዘሮ የብርጓልም መንገዱ እየተዘጋ ሰው መጥቶ እንዳይጉላላ ሰግተው በሁሉም ገጽ አናት ላይ አንድ ማስታወቂያ አስለጠፉ።

ጥር ሰባት ቀን ሀዲስ አርባኛውን ጨርሶ ለአባቱ ደወለ።

“ጨረስሁ፣ አባባ” አለና ሦስቱን አነበበላቸው።

“እነዚህንስ ከማንም አልሰማሁም” አሉ መሪጌታ። ከሳቸው አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም። ሀዲስ ደስታው እንባ እንባ አለው።

በማግስቱ ወይዘሮ የብርጓል አጠገቡ ተቀምጠው ሳለ ሀዲስ የገዳማቱን ስም ተራ በተራ ፈለገ። ከመጀመሪያው ሥር “ከመምጣትዎ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ ይደውሉ፤ ጉዞ ሊሰረዝ ይችላል” የሚለው የገጹ አናት ማስታወቂያ ወጣ። ከሁለተኛውም ያው። ከአሥረኛውም ያው።

“መፈለጊያው ከገጹ ላይ የወደደውን ያወጣል እኮ፤ አንተ የጻፍኸውን የመውሰድ ግዴታ የለበትም” አለ ገድሉ በመስኮት፣ አሁን ሳይስቅ። “ይህን አታውቅም ነበር?”

ያውቅ ነበር። ቃሉ ካማረ አያልፈውም ብሎ ነው።

ወይዘሮ የብርጓል ትከሻውን ያዙት። “አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ። በል፣ ጀልባዋ ላይ የሚለጠፍ ነገር ጻፍልኝ። አንተ ስትጽፈው ያምራል።”

ሀዲስ ወረቀቱን ስቦ ብዙም ሳያስብ “የሚሸጥ ጀልባ” ብሎ ጻፈና ሰጣቸው። በዚያ ሳምንት ወደቡ ላይ እንደዚሁ የተለጠፈባቸው ሌሎች ሦስት ጀልባዎች ነበሩ።