በጩኸት የሚለካ ውኃ

ቱርክ አገር፣ ቡርሳ ከተማ፣ ከተራራው ሥር ባለው ሐማማችን፣ ማለት በሕዝብ መታጠቢያ ቤታችን፣ በሴቶቹ በኩል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ገላ ስትፈትግ የኖረች ሴት አለች። ሙዜየን ትባላለች። እኔ ሳቢሃ ነኝ፤ ልብስ ማውለቂያው ክፍል ተቀምጬ የሳጥን ቁልፍና ሽርጥ የማድል፣ ሻይ የማፈላ። ሙዜየን ስለ ራሷ አታወራም፤ እኔ ደግሞ አፌን መያዝ አልችልበትም። በዕድሜዬ አፍኜ የያዝኩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ባልይዘው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሙዜየን ቀጭን ናት፤ ክንዷ ግን የጫኝ ክንድ ነው። የመፈተጊያ ጓንቷን አጥልቃ ስትነሳ መሃል ያለው ሰፊ ትኩስ ድንጋይ ላይ የተኛችው ሁሉ ትንፋሿን ትሰበስባለች። እድፉ እየተጥቀለለ ሲወርድ ደግሞ ምላሷ አያርፍም። «እዩት እስቲ! ይሄን ሁሉ አፈር ተሸክመሽ ባልሽ እንዴት ነው የሚያቅፍሽ? ድንች ትከልበት እንዴ?» ትላለች። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ የተሰደበችውም በሚቀጥለው ሳምንት «ለሙዜየን ያዙልኝ» ብላ ትመጣለች። እጇ ደግሞ ጉድ ነበር። አንዲት አዲስ ሙሽራ እያጠበች ሳለ ድንገት አቁማ፣ «ላንቺ ዛሬ ትኩሱ ድንጋይ ይቅርብሽ» አለቻት። ልጅቷ ማርገዟን ያወቀችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

የዚህ እጅ ነገር የተበላሸው ካቻምና ነው። ነገሩ እንዲህ ነው የታወቀኝ። ሻያችንን የምንጠጣው በወገበ ቀጭኗ ብርጭቆ ነው፤ ጆሮ ስለሌላት ሰው ሁሉ በጣቱ ጫፍ ከንፈሯን ነው የሚይዛት። አንድ ቀን አሁን ከእሳት የወረደ ሻይ ቀድቼ ሰጠኋት። ሙዜየን ብርጭቆዋን ሙሉ መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ስለ ጎረቤቷ ድመት ታወራኝ ጀመር። ታወራለች፣ ታወራለች፤ ብርጭቆውን አትለቅም። ቀልቤ ተገፈፈ። ከእጇ ላይ መንጭቄ ስቀበላት መዳፏ ቲማቲም መስሏል።

«ሙዜየን፣ ምንድነው ይሄ?»

«ዝም በይ» አለችኝ፤ ዞር ዞር ብላ አይታ። «ስኳሩ ነው። ጣቶቼ ጥጥ የጨበጡ ነው የሚመስሉት። ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ አላውቅም።»

«ለፔሪሃን ሃኒም ነግረሻል?» አልኳት፤ የሐማሙ ባለቤት ናት፣ «ሃኒም» እኛ ዘንድ «እመቤት» እንደ ማለት ነው።

«አብደሻል እንዴ? ጡረታዬ ሊደርስ አሥራ አራት ወር ነው የቀረኝ። ዛሬ ብናገር ነገ በር ላይ ነኝ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። በሞተችው እናትሽ ማይልኝ።»

ማልኩላት።

የሐማማችን ትኩስ ውኃ ከተራራው ሥር የሚፈልቅ ነው፤ ሌት ተቀን ይፈሳል፣ እንዳለ ቢያፈሱት ቆዳ ይገፍፋል። ቀዝቃዛው የከተማው የቧንቧ ውኃ ነው። ሁለቱ የእብነበረዱ ገንዳ ውስጥ ይቀላቀላሉ፤ አጣቢዋ እየለካች በመዳብ ጣሳ ታፈሳለች። ሙዜየን በምን ትለካ? ክርኗ ይሰማዋል፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ትኩስ ውኃ ውስጥ የከረመ ክርን ሌላው የሚቀቀልበትን ለብ ያለ ነው ይላል። ስለዚህ አንድ ብልሃት ዘየደች። የመጀመሪያውን ጣሳ እግር ላይ ታፈሳለች፤ ከዚያ ትጠብቃለች።

የኛ አገር ሴት ደግሞ ዝም ብላ አትቃጠልም። «ኧረ ቀቀልሽኝ! ዶሮ መሰልኩሽ እንዴ?» ትላለች፤ ሙዜየን ቀዝቃዛውን ትጨምራለች። ሲበርዳት ደግሞ «ምነው፣ ሬሳ ነው የምታጥቢው?» ትላለች፤ ሙዜየን ትቀንሳለች። አንድ ዓመት ያህል ማንም ልብ ሳይል በሴቶቹ ጩኸት ውኃ ስትለካ ከረመች።

ጭንቃችን የውጭ አገር ሰው ነበር። የውጭ አገር ሴት አትጮህም። የምናደርጋትን ሁሉ ወግ ነው ብላ ነው የምትቀበለው። መጀመሪያ የነቃነው አንዲት ፈረንሳዊት በበረዶ ውኃ ታጥባ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሦስት ጊዜ አመስግናን የወጣች ዕለት ነው። የዚያን ቀን ሳቅን። ማታ ቤቴ ሄጄ ግን፣ ውኃው በሌላው በኩል ቢሳሳትስ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከዚያ ወዲህ የውጭ ሰው በመጣ ቁጥር ወደ ትንሿ አጣቢያችን ወደ ጉሉ መላክ የኔ ሥራ ሆነ። ጉሉም ጉርሻው ስለሚደርሳት «እትዬ ሙዜየን እንዴት ያለች ደግ ናት!» እያለች ትመርቃት ነበር።

ሙዜየን ለጡረታዋ ሦስት ወር ሲቀራት፣ በጥር፣ ሐሙስ ቀን፣ ጉሉ ወንድሟን ለውትድርና ልትሸኝ ፈቃድ ወሰደች። የውጭ ሰው በጥር ሐሙስ ቀን አይመጣም ብለን ነበር። ከረፋዱ በአምስት ሰዓት በሩ ተከፈተና ቁመቷ ጉበኑን የሚነካ፣ ፀጉሯ ነጣ ያለ ልጅ፣ ከጫማዋ በረዶ እያራገፈች ገባች። ማሪት ትባላለች፣ ከኖርዌይ ናት፤ አንድ አዲስ ሆቴል ነው የላካት። የሐማሙ ባለቤት ፔሪሃን ሃኒም ደግሞ ለዚህ ሆቴል ስትል የዚያን ቀን ራሷ መጥታ መግቢያው ላይ ተቀምጣለች።

«ለሙዜየን ስጫት» አለችኝ።

«ጉሉ እስክትመለስ ብትጠብቅ…»

«ጉሉ ነገ ነው የምትመጣው። ከሆቴሉ የመጣች የመጀመሪያ እንግዳ ናት፤ ከሙዜየን የተሻለ እጅ አለን? ወይስ አሟታል?»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሙዜየን ከውስጠኛው በር ቆማ ታየኛለች፤ ዓይኗ ይለምነኛል። «ኧረ ደህና ናት» አልኩና ለልጅቷ ሽርጥ ሰጠኋት።

ትንሽ ቆይቼ ፎጣ አቀብላለሁ ብዬ ተከትያቸው ገባሁ። ማሪት ትኩሱ ድንጋይ ላይ በሆዷ ተኝታለች። ሙዜየን «ቶሎ በይ» አለችኝ በሹክሹክታ። እጄን ገንዳው ውስጥ ከተትኩ፤ ውኃው ልክ ነው። «ደግ ነው፤ ቧንቧዎቹን እንዳትነኪያቸው» አልኳት።

ይኼኔ ከወዲያ ማዶ የድሮ ደንበኛችን ነዚሄ ሃኒም አየችኝ። ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ እንፋሎት ውስጥ ሆና የማታየው ነገር የለም። እኛ ዘንድ ሰው በያዘው ገንዳ ሌላ ሰው እጁን አይከትም፣ ጣሳም አያጠልቅም፤ ነውር ነው።

«አንቺ ሳቢሃ! በሰው ገንዳ እጅ መክተት ከመቼ ወዲህ ነው? ጂኒ መታሽ እንዴ?»

«ሳሙና ወድቆብኝ ነው፣ ነዚሄ ሃኒም።»

«ሳሙናሽ ከደጅ እዚህ ድረስ በሮ መጣ? ክንፍ አለው? ውጪ! አንድ ጊዜ ደግመሽ ባይሽ ለፔሪሃን ነው የምነግራት!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ በላብም በእፍረትም ተጠምቄ ወጣሁ።

የቀትር አዛን ከተሰማ በኋላ ሻይ ልጥድ ምድጃው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ከፈትኩ። ውኃው እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምሳ ሊሠራ ቧንቧ ሲከፍት አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ ሻዩ ዘገየ ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። እዚህ ቀዝቃዛው ከቀጠነ እዚያም ቀጥኗል። ትኩሱ ግን ከተራራው ነው የሚመጣው፤ እሱ አይቀጥንም።

ወደ ውስጠኛው በር ሮጥኩ።

«ወዴት ነው?» አለች ፔሪሃን ሃኒም።

«ፎጣ ላቀብል።»

«አሁን አቀበልሽ እኮ! ከነዚሄ ሃኒም ጋር ምን ሆናችሁ ነው የተጯጯሃችሁት? እንግዳ ባለበት አታዋርዱኝ እንጂ። ሻይሽን አፍዪ።»

መናገር እችል ነበር። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። መሐላዬ፣ የነዚሄ ምላስ፣ ሦስቱ ወር፣ ሁሉም ያዙኝ። ተመልሼ ቁጭ አልኩና ጆሮዬን ወደ በሩ ጣልኩ። ጣሳው እብነበረድ ሲነካ ይሰማኛል። ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል። «ጩሂ፣ አንቺ ልጅ» እላለሁ በሆዴ፤ «ስለ እግዜር፣ አንድ ጊዜ ጩሂ!» ጣሳው ደግሞ ነካ። ደግሞ ፈሰሰ። ከነዚሄ ሳል በቀር አንድም ድምፅ የለም። በዕድሜዬ የሰው ጩኸት እንደዚያ ናፍቆኝ አያውቅም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ማሪት በፎጣ ተጠቅልላ ወጣች። እንደ ደንቡ ሁላችንም «ለጤና ያድርግልሽ» አልናት። ፈገግ አለች። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ግን ጀርባዋን ትራሱ ላይ አላሳረፈችም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ቀረች። ሻዩን ሳቀብላት ፎጣው ከትከሻዋ ሸርተት አለ። ከሐማም የወጣ ሰው ሁሉ ይቀላል፤ ይሄ ግን ያ ቀለም አይደለም። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቀይ ሥር መስላለች፤ አንድ ሁለት ቦታም ውኃ መቋጠር ጀምሯል።

ፔሪሃን ሃኒም ከወዲያ ማዶ ስለሆነች አላየችም፤ ቋንቋ የሚተረጉም ስልኳን አውጥታ «እንዴት ነበር?» አለች በኩራት። ልጅቷ ወደ ስልኩ ተናገረች። ስልኩ እንደ ዜና አንባቢ ኮስተር ብሎ መለሰ፦ «በጣም ጥሩ ነበር። ውኃው በጣም ትኩስ ነው፤ ባህላችሁ መሆኑን ተረድቻለሁ። ጀርባዬን እያቃጠለኝ ነው። እስከ መቼ ነው የሚቆየው?»

ፔሪሃን ሃኒም ተነሥታ ጀርባዋን አየችና አፏን ያዘች። ሙዜየን ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጓንቱ ገና እጇ ላይ ነው።

«ቀዝቃዛው ውኃ ሄዶ ነው!» አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ። «በቀትር ይቀጥናል፣ ፔሪሃን ሃኒም፣ ያውቁታል፤ የማንም ጥፋት…»

«ተይ ሳቢሃ» አለች ሙዜየን።

መጣችና ስልኩን ወደ ራሷ አስጠግታ መስማት ለተሳነው እንደሚናገር ሰው ጮክ ብላ ተናገረችበት። «ባህላችን አይደለም፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩሽ። እጄ ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት ከተወ ቆይቷል። ደብቄ ነው የምሠራው።» ስልኩ ይሄን ሁሉ በማላውቀው ቋንቋ ሲያወርደው እኔ ወለሉን አያለሁ።

ፔሪሃን ሃኒም ወደ ሙዜየን አልዞረችም፤ ወደኔ ነው የዞረችው።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እሷስ አልተሰማትም። አንቺ እያወቅሽ ነው ልጅቷን ያስገባሻት።»

ማሪት እንደገና ስልኩን ለመነች፤ ጥቂት ተናገረች። ዜና አንባቢው መለሰ፦ «ልጮህ ነበር። ግን ጣሳውን ስትሞላ እጇ ሁልጊዜ ውኃው ውስጥ ነበር። እሷ ዕድሜዋ ትልቅ ነው፤ እሷ ከቻለችው እኔ መጮህ አፈርኩ።»

ሙዜየን ጓንቱን አወለቀች። እጇን አገላብጣ አየችው፤ እስከ አንጓዋ ተልጧል። እስከዚያች ደቂቃ አላየችውም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንሠራ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታወጣ፣ ቆማ።

ፔሪሃን ሃኒም መድኃኒት ቤት ልትሮጥ ወጣች። ሙዜየን የቀጠነው ቧንቧ ሥር ፎጣ ዘፍዝፋ ጨመቀች፤ ወደ ልጅቷ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ፎጣውን ለኔ ዘረጋችልኝ።

«አንቺ አድርጊላት» አለችኝ። «እኔ ምን ያህል እንደምጫናት አላውቅም።»

ፎጣውን ቀስ ብዬ ጀርባዋ ላይ አኖርኩ። ሙቀቱ በእርጥቡ ጨርቅ አልፎ ጣቶቼ ድረስ መጣ።

«ትኩስ ነው?» አለችኝ ሙዜየን።

«ትኩስ ነው» አልኳት።