የልጄ የክርስትና ስም

ሲመጡ ልጄን እያጠባሁ ነበር። ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ በር ላይ ቆሙ፤ አንዱ ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አጥብቼ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ይህን መልካምነቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። ልጄ ጠግባ ስትተኛ ለእናቴ አቀበልኳት፤ ነጠላዬን አነሳሁና ተከተልኳቸው። ለሚቀጥለው ጡት የምደርስ መስሎኝ ነበር።

የገባሁበት ክፍል እዚሁ ጎንደር ከተማ ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማዎቹን ነው። የሴት ጫማዎች፣ በሩ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተደርድረዋል። ከዚያ በኋላ ነው በየግድግዳው ሥር የተቀመጡትን ሴቶች ያየሁት። እኔም ጫማዬን አውልቄ ከጫማዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩ።

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። ከሳንጃ በኩል የመጡ ናቸው። ልጃቸውን ሊያስሩ ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን አምጥተዋቸዋል። በወተት የረጠበውን የቀሚሴን ደረት አዩት።

"ምነው እቴ፣ አራስ ነሽ እንዴ?"

"ከአራስ ቤት ወጥቻለሁ እማማ። ግን አጠባለሁ።"

"አይ እነሱ!" አሉ።

ሬዲዮ ላይ ነበር የምሠራው። ከመውለዴ በፊት፣ ሆዴ ገፍቶ ሳለ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥቼ አንድ ዘገባ ሠርቼ ነበር። የአንድ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ለሌላ ሥራ ተወስዶ፣ ምጥ የጠናባቸው እናቶች በቃሬዛ ሲወርዱ መንገድ ላይ ይሞቱ ነበር። ይህን የነገረችኝ የዚያው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ልጆች አሏት። ስሟ እንዳይወጣ ለመነችኝ፤ ቃል ገባሁላት። የተናገረችውን አንዲት ባልደረባዬ በራሷ ድምፅ አነበበችልኝ። የቀዳሁትን አጠፋሁ፤ ስሟን የትም አልጻፍኩም። እንዲህ ነው የምንሠራው። ስለዚህ ያ ስም ከእኔ ራስ በቀር የሚገኝበት ቦታ አልነበረም።

ያን ቀን ሥራችንን ስንጨርስ አዋላጇ "ነይ እስቲ፣ አንቺንም ልይሽ" ብላ አልጋው ላይ አስተኛችኝ። ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አድርጋ አዳመጠች።

"ሸጋ ነው። እንደ ፈረስ ይጋልባል ልቧ።"

"ልቧ? ሴት ናት ማለት ነው?"

"እኔ እንጃ። አፌ ያለው ነው" ብላ ሳቀች።

ስንለያይ እጄን ይዛ "በጸሎትሽ አስቢኝ" አለችኝና የክርስትና ስሟን ነገረችኝ። እኛ ዘንድ የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። የሚነገረው ለሚጸልይ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከቤተሰቤ ስም ቀጥዬ የእሷን እጠራለሁ።

ዘገባው የተላለፈው እኔ የወሊድ ፈቃድ ላይ ሆኜ ነው። ለምን እንደ መጡብኝ ሳይነግሩኝ ገብቶኛል።

የሚጠይቀኝ ሰው ቁጡ አልነበረም። "እህቴ" ነው የሚለኝ። አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ "ማን ነገረሽ?" አልናገርም ስለው አይጮህም። ሻዩን ይጠጣና "እንግዲህ ወተቱ ያንቺ ነው" ይለኛል።

ወተቱ በእርግጥም የእኔ ነበር። ልጄ በምትጠባበት ሰዓት ጡቴ ራሱ ያውቃል፤ ያጋታል፣ ይፈስሳል። እማማ በነጠላቸው ቅዳጅ ደረቴን ያስሩልኛል። "አፍስሺው እንጂ፣ ይቆጣብሻል" ይላሉ። በላስቲክ ኩባያ እያለብኩ መጸዳጃው ቀዳዳ ውስጥ እደፋዋለሁ። የልጄን ምግብ እዚያ መድፋት ከታሰርኩበት ጊዜ ሁሉ የከፋው ነገር ነው። ቆይቶ ግራ ጡቴ ተቆጣ፤ ትኩሳት ያዘኝ። ዶክተር ብዬ ጠየቅሁ። "ስሙን ተናገሪና ቤትሽ ትታከሚያለሽ" አለኝ ሰውዬው።

በየዓመቱ የፕሬስ ነፃነት ቀን ሲደርስ በዓለም ዙሪያ ስለ ታሰሩና ስለ ተገደሉ ጋዜጠኞች የሚነገረውን ዜና የማነበው እኔ ነበርኩ። አንዱ አገር ላይ በጥይት፣ ሌላው አገር ላይ በፍርድ ቤት፣ ሌላው ጋ የገቡበት ሳይታወቅ። ቁጥራቸውን አነባለሁ፤ ድምፄም አይዛነፍም። ከዚያ ወደ ስፖርት እንሻገራለን። በትኩሳት ተኝቼ ሳለሁ እነዚያ ሰዎች ይመጡብኝ ነበር። ከመካከላቸው ስንቷ የምታጠባ እንደ ነበረች አስቤ አላውቅም። ለአንዳቸውም በስም አልጸለይኩም፤ ስማቸው አልደረሰኝም።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። እናትም ከወለደች እስከዚያ ቀን ድረስ ቤተ መቅደስ አትገባም። ልጇን ታቅፋ አብራት ነው የምትገባው። የልጄ ሰማንያ የሐምሌ ሥላሴ ዕለት ይውል ነበር። ከወለድኩ ጀምሮ እኔም ልጄም ያንን ቀን ስንጠብቅ ነበር።

ዋዜማው ላይ ሰውዬው አስጠራኝ።

"ነገ ክርስትና ነው አሉ?"

"አዎ።"

"ስሙን ንገሪኝና በማለዳ በመኪና አደርስሻለሁ። ነጭ ልብስሽንም ከቤት አስመጣልሻለሁ።"

አልናገርም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

"እኔም ክርስቲያን ነኝ እኮ። ልጅ ያለ እናቷ ስትጠመቅ ደስ አይለኝም።"

"እኔንም ደስ አይለኝም ጌታዬ" አልኩት።

በማግሥቱ ማለዳ ዝናብ ነበር። በድምፅ ማጉያ የሚመጣው ቅዳሴ ከቆርቆሮው ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ይሰማል፤ ከየትኛው ደብር እንደ ሆነ አይለይም። ተነስቼ ቆምኩ። እማማም ጉልበታቸውን ይዘው ከጎኔ ቆሙ። ሌሎቹም ተነሱ። ዝናቡ ሲበረታ ቅዳሴው ይጠፋል፤ ሲያባራ ይመለሳል። አሁን ልብሷን አወለቁላት፣ አሁን ውኃው ነካት፣ አሁን አለቀሰች እያልኩ በልቤ እከተላለሁ። ጡቴ ያለ ሰዓቱ ፈሰሰ። ልጄ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ወደምትሄድበት ቦታ ያለ እኔ ሄዳለች።

ወደ ቀትር ገደማ አንዲት ፖሊስ ድፎ ዳቦ አመጣች። ከቤት የተላከ ነው። ፈታሾቹ ውስጡን ለማየት በቢላ ከታትፈውት ስለ ነበር የደረሰኝ በላስቲክ ነው። ካህን ባርኮ የሚቆርሰው ዳቦ ነበር። ቁራጩን ይዤ እንደ ተቀመጥኩ ያች ፖሊስ ተመልሳ ጠራችኝ።

ሰውዬው ብቻውን ነው። ወንበር አሳየኝ፤ ተቀመጥኩ።

"ባለቤትሽ መጥቶ ነበር" አለኝ። "ልጅሽ ደኅና ናት። እንኳን ደስ አለሽ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"የክርስትና ስሟን እንድነግርሽ አደራ ብሎኝ ሄዷል።"

ጠበቅሁ። ሻዩን አማሰለ፤ ማንኪያውን ሳሕኑ ላይ አስቀመጠ።

"እና ልንገርሽ?"

"ይንገሩኝ።"

"እነግርሻለሁ። አንቺም ትነግሪኛለሽ። ስም በስም። ቀላል ነው።"

ይህን ያህል ክፉ ነገር በዚህ ሁሉ ትሕትና ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። እናት የልጇን የክርስትና ስም ካላወቀች በምን ስም ትጸልይላት? ብትታመም፣ ብትሞት እንኳ፣ ካህኑ ሲጠይቅ ምን ብላ ትመልስ? ያ ስም እዚያ ጠረጴዛ ማዶ፣ በዚያ ሰው አፍ ውስጥ ነበር። ትኩሳቱም አለ። የተቆጣው ጡቴም አለ። የአዋላጇ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ፊደል ያዝኩት።

ያቆመኝ ድፍረት አይደለም። በዚያው ማለዳ፣ በቅዳሴው ሰዓት፣ ለዚያች ሴት ጸልዬላት ነበር። የእሷን ስም ይዤ፣ የልጄን ሳልይዝ። ልጄ ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች ልቧን ያዳመጠችው እሷ ናት። ጠዋት በእግዚአብሔር ፊት ያቆምኳትን ሴት ከሰዓት በኋላ በዚህ ሰው ፊት ላቆማት አልቻልኩም።

ተነሳሁ። ነጠላዬን ዘርግቼ መስቀለኛ አጣፋሁት፤ ቤተ ክርስቲያን እንደምገባ አድርጌ። እርጥቡ ደረቴ ተሸፈነ። እሱም እስክጨርስ ተመለከተኝ።

"ከአባቷ እሰማዋለሁ" አልኩት።

"መቼ?"

"እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።"

"በጣም ትጸጸቻለሽ እህቴ" አለኝ። ድምፁን ግን አልጨመረም። ፖሊሷን ጠራ።

ክፍሉ ስደርስ በሩ ሥር፣ ጫማዎቹ መካከል ተቀመጥኩ። ለቅሶዬ ሲበርድ የሆነውን ለሴቶቹ ነገርኳቸው። እማማ መሬቱን በእጃቸው መቱት።

"ይህንን ይከለክላል እንዴ! ምን ያጠያይቃል? የሥላሴ ዕለት ነው የተነሳችው፣ ወለተ ሥላሴ ናት። አለቀ።"

"እማማ፣ ዛሬ የተነሳችው ሁሉ ወለተ ሥላሴ ከሆነች እኮ ጎንደር ላይ ሲጠሩ ሁሉም አቤት ሊሉ ነው!" ያለችው ከአይከል የመጣች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

"አንቺን እዚያ ይህን ነው የሚያስተምሩሽ?"

"ካህኑ የክርስትና እናቷን ጠይቀው ይሆናል ማለቴ ነው። እኔ ጽጌ ማርያም ነው የምለው። ታምራለች።"

"በሐምሌ ጽጌ? ምን ዓይነት ልጅ ናት ይቺ!" አሉ እማማ። ተማሪዋ ሳቀች፤ እኔንም ሳቅ አመለጠኝ።

አብራን የታሰረች አንዲት ልብስ ሰፊ ከመርፌ ሥራዋ ቀና ሳትል "አመተ ማርያም" አለች። በር አጠገብ የምትተኛ አንዲት ሴት ነበረች። እኔ ከገባሁ ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ቃል ሲወጣት አልሰማሁም። የዳቦውን ቁራጭ በመዳፏ ይዛ ስትሰማን ቆየች።

"ወለተ መድኅን በሏት" አለች። "የእኔዋ ወለተ መድኅን ነበረች።"

እማማ ተነስተው አጠገቧ ሄደው ተቀመጡ።

ከዚያ ዳቦው ላይ አቡነ ዘበሰማያት ደግመን፣ ቁርጥራጩን ተካፍለን በላን። ያን ምሽት ስጸልይ በአንዱ ስም ላይ መወሰን ስላልቻልኩ ሴቶቹ የሰጡኝን ሁሉንም ጠራሁ። ከነዚህ አንዷ ልጄ ናት፣ አንተ ታውቃታለህ፣ ጠብቃት አልኩ። ሌሎቹንም ጠብቅ አልኩ፤ የማን ልጆች እንደ ሆኑ ባላውቅም።

ክረምቱ ሳያልቅ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ባለቤቴ ውጭ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ገና ሳይስመኝ "ስሟን ነግሮሻል አይደል?" አለኝ።

"አልነገረኝም።"

ፊቱ ጠቆረ። "ስም ምን ይከለከላል ብዬ ነው" አለና ጆሮዬ ላይ ነገረኝ። እዚያው መንገዱ ዳር ተንበርክኬ ተመስገን አልኩ። ቤት ስገባ ልጄ አላወቀችኝም። ጡቴን ብሰጣት ፊቷን አዞረች፤ ወተቱም ደርቆ ነበር። ጡጦዋን ይዛ እያየችኝ አለቀሰች። በኋላ ለመደችኝ። ስለዚህም ተመስገን።

ሬዲዮውን ትቻለሁ። የሠራሁበት ዝግጅትም የለም። አምቡላንሱ ተመልሶ እንደ ሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ አዋላጇንም ለእሷ ደኅንነት ስል ፈልጌያት አላውቅም። እማማ ልጃቸውን ያግኙት አያግኙት አላውቅም። ዛሬም ከሩቅ አገር ስለ ታሰሩ ጋዜጠኞች ዜና ሲነበብ ቁጥሩን እሰማለሁ፤ ወደ ስፖርት ሲሻገሩ ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ።

ልጄ አሁን ትሮጣለች፤ በር ላይ ሰው ሲያንኳኳ ቀድማኝ ትደርሳለች። በዚያ ቀን ሴቶቹ ከሰጧት ስሞች አንዱ የእሷ ሆኖ ተገኝቷል። የትኛዋ እንዳገኘችው እዚህ አልጽፍም። የአዋላጇንም አልጽፍም። ጠዋት ጠዋት ግን ሁሉንም እጠራለሁ።