የወንድሜ ጃኬት እጅጌ

ቆቦ ላይ በቀትር የቆዳ ጃኬት ለብሶ የሚወጣ ሰው ይሳቅበታል። ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ስስ ሸሚዝ እንኳ ያስወልቃል። ታናሽ ወንድሜ ግን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለሆነ፣ ከብቶቹ ለግጦሽ ሳይሰማሩ ሊከትብ ገና ጎህ ሲቀድ በሞተር ወደ ገጠር ይወጣል። በታኅሣሥ ማለዳ በዋጃ መንገድ ላይ በሞተር የሄደ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ወልድያ ሄዶ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ቡናማ ጃኬት መርጦ መጣ፤ የድሮ አውሮፕላን አብራሪዎች የሚለብሱት ዓይነት፣ ወገቡና የእጅጌው ጫፍ ሹራብ የሆነ።

እኔ ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ቀሚስ፣ መጋረጃ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እንጂ ቆዳ ነክቼ አላውቅም ነበር። ጃኬቱን ለብሶ ሱቄ በር ላይ ቆመና እጆቹን ወደ ታች ዘረጋ። እጅጌው የእጁን አንጓ አልፎ የጣቶቹ ሥር ደርሷል።

"እትዬ፣ ትንሽ አሳጥሪልኝ" አለኝ።

ለክቼ በሳሙና ምልክት አደረግሁበት። ጃኬቱን ሳያወልቅ ስልኩ ጮኸ፤ ጎብዬ አካባቢ ምጥ የጸናባት ላም አለች ተባለ። ሮጦ ሞተሩ ላይ ወጣና መሪውን ጨበጠ። ቀና ብዬ ሳይ እጅጌው ወደ ኋላ ተሰብስቦ ልክ አንጓው ላይ ቁጭ ብሏል። የእኔ ምልክት ክንዱ ላይ ወጥቷል። ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ንፋሱ ሁሉ በዚያ በኩል ይገባ ነበር።

ሲመለስ ጃኬቱን ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። እጅጌው ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም፤ ክርኑ ላይ ትንሽ ወደ ፊት ይታጠፋል። የብብቱ ቀዳዳ ጠበብ ብሎ ወደ ላይ ተጠግቷል፤ ክንድ ሲነሳ ጃኬቱ በሙሉ አብሮ እንዳይነሳ ነው። የትከሻው ስፌት የትከሻው አጥንት ላይ ያርፋል። የቆረጠው ሰው ያሰበው ተቀምጦ እጁን ወደ ፊት ለሚዘረጋ ሰው ነበር። አላሳጥርም አልኩት። ሲቆም እጅጌው መጨማደዱን አይቶ የሚያሾፍበት አልጠፋም፤ እሱ ግን ደንታም አልነበረውም።

በተከታዩ ክረምት፣ በበጋ ደረቅ የነበረውን፣ የዝናብ ውኃ የወረደበትን ወንዝ ሲሻገር አሸዋው ጎማውን ያዘውና ድንጋይ ላይ ወደቀ። ግራ ክርኑ ተሰበረ። የደረሱለት ገበሬዎች ክንዱን ለማውጣት እጅጌውን ከጫፉ እስከ ክርኑ በቢላ ቀደዱት። ሐኪሙ የጃኬቱ ቆዳ ሥጋህን ከድንጋዩ አትርፎልሃል አለው። አጥንቱ ከጊዜ በኋላ ገጠመ፤ ክርኑ ግን እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ አልዘረጋ አለ።

መሥሪያ ቤቱ ቢሮ ውስጥ አስቀመጠው። እናታችን አልሐምዱሊላህ አለች፤ ልጇ ከሞተር ወርዶላታል። እሱ ግን ወሬው ሁሉ አነሰ። ከብት የታመመበት ሰው ሲመጣ ይመክረውና፣ ሰውየው ሲወጣ እስኪሰወር ድረስ በመስኮት በዓይኑ ይከተለዋል ብላ የሥራ ባልደረባው ነገረችኝ።

እናታችን ጃኬቱን ለሰው ልትሰጠው ስትል ለምኜ ወሰድኩት። ወንድሜን ብጠይቀው የፈለግሽውን አድርጊው አለኝ። ሱቄ ፊት ለፊት የሚሠራው ጫማ ሰፊ፣ ቆዳ ላይ የተወጋ ቀዳዳ ተመልሶ እንደማይደፈን አስጠንቅቆ ወስፌና ሰም የተቀባ ክር አዋሰኝ። ሁለቱን እጅጌዎች እኩል ለማድረግ ተጨንቄ፣ ቀኙን እያየሁ ግራውን ገጠምኩት። ሲለብሰው ክርኑ ላይ ተወጠረ፤ አንጓው ራቁቱን ወጣ።

ቀስ ብሎ አወለቀው። "ተይው በቃ። ችግሩ ከእጄ ነው እንጂ ልብሱ ምንም አልሆነም" አለኝ።

ያ ንግግሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። በማግስቱ በግድ አምጥቼ ወንበር ላይ በግልባጩ አስቀመጥኩትና የወንበሩን መደገፊያ እንደ ሞተር መሪ እንዲይዝ አደረግሁት። ሜትሩን ከማጅራቱ ጀምሬ በትከሻው፣ በታጠፈው ክርኑ ላይ አሳልፌ እስከ አንጓው ለካሁ። ቀኙን ጨርሶ አላየሁትም። ስፌቱን በምላጭ ፈታሁ፤ ከአሮጌ የእጅ ቦርሳዬ ቀጠን ያለ ቆዳ ቆርጬ በክርኑ ውጭ በኩል አስገባሁ፤ በተቻለኝ መጠን በነበረው ቀዳዳ እያለፍኩ በእጄ ሰፋሁት። የገባው ቆዳ ቀለሙ ትንሽ ይነጣል፤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ስጨርስ ለብሶት ያንኑ ወንበር ያዘ። የሹራቡ ጫፍ አንጓው ላይ አረፈ፤ የተወጠረም የተንጠለጠለም ነገር አልነበረም። ደጋግሞ ክንዱን አጠፈ፣ እስከቻለው ዘረጋ።

"ግራው ከቀኙ ይሻላል" አለ። ቆየት ብሎም "የሞተሩን ፍሪሲዮን በዚህ እጄ መያዝ የምችል ይመስልሻል?" ሲል ጠየቀኝ።

ከወደቀ ወዲህ ስለ ሞተር ሲያነሳ የሰማሁት ያኔ ነው። ሐኪሙን ጠይቀን እንወቅ አልኩት። ሐኪሙ ጣቶቹን አስጨብጦ ከፈተነው በኋላ ቀስ እያለ ይሞክር አለ። እናታችን ስትሰማ ተቆጣች፤ እኔን እንኳ አላናግርም አለች። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ ሄደን ሊለማመድ ሲል ግን ሳንጠራት ተከትላን መጣች፤ ግራር ሥር ቆማ ታይ ጀመር። ሞተሩ መጀመሪያ ጠፋበት። እንደገና አስነሳውና ሜዳውን ዞሮ ተመለሰ፤ ዳግመኛም ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረውን ሳቅ ሳየው እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። እናቴ ወደ እሱ ሄዳ ግራ ክንዱን በጃኬቱ ላይ ዳሰሰች።

"ወንዝ ሲሞላ አትሻገርም" አለችው። ቃል ገባላት።

አሁን ቅርብ ያሉትን ቀበሌዎች እሱ ያዳርሳል፤ ወንዝ ማዶ ያሉትን ክረምት ላይ ሌላ ባልደረባው ይሄድባቸዋል። ቢሮ ውስጥ ቢቀር ይሻለዋል የሚሉ አሉ፤ ላሞቹ ግን ደህና ናቸው። እኔ ሱቅ የቆዳ ጃኬት ይዘው የሚመጡ ባለሞተሮች በርክተዋል፤ ሁሉንም ወንበሩ ላይ አስቀምጬ እለካለሁ። ወንድሜ ሰሞኑን የእጅጌዎቹ ሹራብ አልቋል ብሎ መጣ። እሱ ጥቁር ይሁን ይላል፤ እኔ ቡናማ ክር አግኝቻለሁ። ገና አልተስማማንም።