በአፉ ሰው የማይቀዳው አንጁሎ

የምሠራበት መድኃኒት ቤት ከከተማችን ታችኛው ክፍል ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ በሚወጣው ዳገት ዳር ነው። ዕቃ የጫነ አይሱዙ ዳገቱን ሲጀምር ሁለተኛ ማርሽ አልበቃ ይለውና ወደ አንደኛ ሲወርድ፣ መሐል ላይ እንደ ሲቃ ያለች ድምፅ ትሰማለች። ሌላው ሰው መኪና ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ግን መድኃኒቱን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ እቀራለሁ። ያን ድምፅ በልጅነቴ መጀመሪያ የሰማሁት ከመኪና ሳይሆን ከሰው አፍ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ መኪናዎቹ ጋሽ አንጁሎን የሚቀዱት እንጂ እሱ እነሱን የቀዳ አይመስለኝም። አንዳንዶቹ ደግሞ አሳምረው አይቀዱትም።

ዘመኑ የሰማንያዎቹ ማብቂያ ነው፤ እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጋሽ አንጁሎ ከበዓል በዓል እየዞረ በአፉ ብቻ ትርኢት የሚያሳይ ሰው ነበር። ክራር የለው፣ ከበሮ የለው፤ የያዘው የዱቄት ወተት ጣሳ ቆርጦ የሠራውን ጡሩምባ መሰል ነገር ብቻ ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ኮቱ ከጨርቁ ኪሱ የሚበዛ። መንገድ ላይ ብታገኙት ዞር ብላችሁ አታዩትም። ገበያው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ቆሞ ጣሳውን አፉ ላይ ሲያደርግ ግን ሲቀላ በሙሉ ሥራ ይፈታል።

መጀመሪያ የጫሞ ሐይቅን ጉማሬ ያመጣል። ከሩቅ ነው የሚያመጣው፤ ውኃው ውስጥ ሆኖ ሲያጉረመርም፣ ከዚያ ወደ ዳር ሲቀርብ፣ ከዚያ ከኋላችን ሲሆን። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስባሉ። ቀጥሎ የአዞ ጫጩት ገና እንቁላሉ ውስጥ ሆኖ እናቱን ሲጠራ ያሰማል። ከዚያ አይሱዙው ይመጣል፤ የጨንቻን ዳገት ይጀምራል፣ ማርሹ ይንገጫገጫል፣ ረዳቱ "ሳበው! ሳበው! ኧረ ድንጋይ ጣልበት!" እያለ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሕዝቡም አብሮ ይገፋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ጸጥ ብሎ ቆየና ቢምቢ አመጣብን። ወባ ያላንቀጠቀጠው ሰው በማይገኝበት ከተማ ቢምቢ ማምጣት ቀልድ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ አንገቱን በጥፊ መታ፤ ሥነ ሥርዓት ሊያስከብር የቆመው ፖሊስ ሳይቀር። እኔ ያን ቀን ይህ ሰው ፍጡር መሆኑን ተጠራጥሬያለሁ።

ይህ የበዓል ሥራው ነው። እንጀራው ግን ሌላ ነበር። ትርኢቱ ሲያልቅ ዋርካው ሥር ሻንጣውን ይከፍትና እጀታው በሽቦ የታሰረ ጥቁር ቴፕ ያወጣል። ባትሪ ድንጋዮቹ ሲደክሙ ቆርቆሮ ላይ ደርድሮ ፀሐይ ያስመታቸዋል፤ እነሱም ነፍስ ይዘሩለታል። ከእኛ አገር ወንድ እኩሌታው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማ ላይ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ እዚህ ናቸው። መጻፍ የሚችለው ጥቂት ነው፤ ሌላው ደግሞ የቤቱን ገበና ለጎረቤት ልጅ አስጽፎ አይልክም። ጋሽ አንጁሎ ታዲያ የሴቶቹን ድምፅ በካሴት ቀድቶ ሽሮ ሜዳ ያደርሳል፤ የወንዶቹን ቀድቶ ለመስቀል ይዞ ይመጣል። ከገረሴ የመጡ አንድ አዛውንት ለልጃቸው ሰላምታ ሲያቀርቡ፣ ከዘመድ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ከብቱ ሲሸጋገሩ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመባቸው። "ገና ወደ ጉዳዩ ልገባ ነው እኮ!" ብለው ተቆጡ። አንዲት ሴት ደግሞ ባሏን አንድ ነገር ጠይቃ ጠበቀች፤ ቴፑ ዝም አላት። "እዚያም ሄዶ ያው ነው!" ብላ ተነሥታ ሄደች። ጋሽ አንጁሎ ከኋላዋ፣ "እናቴ፣ ይሄ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም!" እያለ ተከተላት።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ ይል ነበር። "ሊቀመንበሩን አምጣልን፣ ቄሱን አምጣልን" ብለው ቢለምኑት ወይ ፍንክች። "በቴፕ እንጂ በአፌ ሰው አልቀዳም" ይላል። ምክንያቱን አንድ ቀን ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ሲደረድር ጠየቅኩት። በስምንት ዓመቱ አጎቱ ለመስቀል መጥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ ወስዶት ነበር። እዚያ ሸማኔው እግሩን ከትቶ የሚሠራበት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ማግ ሲያጠነጥን፣ የአገሩ ድምፅ እንዳይጠፋበት በአፉ ይለዋል፤ ጉማሬውን፣ ወንዙን፣ ወፉን።

"የእናቴንም ድምፅ ሞከርኩት፤ መጣልኝ" አለ። "ደስ አለኝ፣ ደጋገምኩት። ከዚያ የራሷ ጠፋብኝ፤ የኔ ብቻ ቀረ። እኔ እስክመለስ እሷም የለችም።" ቀጥሎም የሰው ድምፅ ማንሳት፣ ቃሉንም ማጉደል ጎሜ ነው አለኝ። ጎሜ በእኛ ዘንድ ሰው ሲጥሰው ዞሮ ቤቱን የሚያምስ ነውር ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው አምጣልን የሚሉትን ስሰማ በእሱ ፈንታ እናደድ ነበር።

አባቴ ወልዴም ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ሁለት መስቀል ሳይመጣ አለፈው። በሦስተኛው በእሱ ፈንታ የአጎቱ ልጅ ጋሽ ጦና መጣና፣ ገና ጫማውን ሳያራግፍ "ታምሩን ልወስደው ነው የመጣሁት" አለ። ታምሩ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ። ሁለተኛ ክፍልን ሁለተኛ ወጥቶ ጨርሶ፣ አንደኛ የወጣችውን ልጅ እንዴት እንደሚበልጣት ብቻ የሚያስብ ልጅ። "ወልዴ ማግ የሚያጠነጥንለት አጥቷል፤ አምጣው ብሎኛል" አለ ጦና።

እናቴ ሙዝ እየቆጠረች ነበር፤ ቀና አላለችም። "ከራሱ አፍ ካልሰማሁ አልሰጥም" አለች። "አንጁሎ ካሴቱን ይዞ ይመጣል።"

"ይምጣ! እሱም የሚያሰማሽ ይህንኑ ነው።"

ከሰፈራችን ወደ ሸማ የሄዱ ልጆች ሲመለሱ ጺም አብቅለው ነው። ይህን አውቅ ስለነበር ያን ሳምንት ታምሩ የጠየቀኝን ሁሉ ሰጠሁት፤ ሰማያዊ እስክሪብቶዬን ሳይቀር። እሱ ግራ ተጋብቶ "ታመምሽ እንዴ?" አለኝ።

የደመራው ማግስት፣ የቅርጫው ሥጋ በሚያቃጥለው ዳጣ እየተበላ ሳለ ጋሽ አንጁሎ "ዮ ማስቃላ!" እያለ፣ በእኛ ቋንቋ የመስቀልን ሰላምታ እየሰጠ ገባ። ከአዲስ አበባ ሲወርድ በዓሉን መንገዱ ላይ ኦቾሎ መንደር ጀምሮ ነው የመጣው። ሁልጊዜ ሲገባ እንደሚያደርገው የዶሮ ድምፅ አላሰማንም። ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተተና ተጫነው። እናቴ እጇን ታጥባ ቀረበች፤ ጦና አጥንቱን እንደያዘ ቀረበ። ከቴፑ የወጣው የጫሞ ጉማሬ ነበር። ቀጥሎ የኦቾሎ ሰው ሳቅ። አይሱዙ። ደግሞ ሳቅ።

"ኦቾሎ ላይ ትርኢቴን ልቀዳ ብዬ በስህተት የእናንተን ካሴት ከተትኩ" አለ አንጁሎ አንገቱን ደፍቶ። "የወልዴ ቃል ጠፍቷል። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"እንግዲያው የቀረው የኔ ቃል ነው" አለ ጦና።

እናቴ ወደ አንጁሎ ዞረች። "ሲቀዳ ነበርክ አይደል? ምን አለ?"

"እንዳትሰጪ ነው ያለው።"

"ውሸት!" ጦና አጥንቱን ወረወረው። "በዚህ ጆሮዬ የሰማሁትን!"

እናቴ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። "ሁለት ሰው ሁለት ቃል ነገረኝ" አለች። "ማናችሁንም አላምንም። አንጁሎ፣ የባሌን ድምፅ አምጣልኝ።"

"የዘነበች እናት፣ ሰው እንደማልቀዳ ታውቂያለሽ" አለ። ዘነበች እኔ ነኝ፤ እናቴን በእኔ ስም ነበር የሚጠሯት።

"ቃሉን ያጠፋኸው አንተ ነህ። አንተው መልስልኝ።"

አንጁሎ ኮፍያውን አወለቀ። ጣሳውን አላነሣም። ዓይኑን ጨፈነ፤ ታምሩ ከጀርባዬ ልብሴን ጨብጦ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ መጀመሪያ ሸማው መጣ፤ የመርገጫው፣ የመወርወሪያው ድምፅ። ቀጥሎ ደረቅ ሳል ተሰማ፤ የአባቴ ሳል። ሦስት ዓመት ያላየሁት አባቴ ከዚያ ቀጭን አንገት ውስጥ ወጥቶ ቤታችን ገባ።

"የዘነበች እናት፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ" አለ።

"ያ ሳል እስካሁን አልለቀቀህም?" አለች እናቴ። "ተልባ ጠጣ ብዬህ አልነበረም?" ለማን እየተናገረች እንደሆነ የረሳች ይመስለኛል።

"ታምሩን እንዳትሰጪ" አለ ድምፁ። "ወልዴ ብሎኛል የሚል ቢመጣም እንዳትሰጪ። እግሬን ጉድጓድ ከትቼ ያረጀሁት እኔ እበቃለሁ፤ ልጁ ፊደሉን ይቁጠር። ማግ የሚያጠነጥንልኝ ካጣሁ በጥርሴ አጠነጥናለሁ። ደግሞም ከእንግዲህ መስቀል አያልፈኝም፤ እመጣለሁ።" አሳለና ድምፁን ከፍ አደረገ። "ጦና!"

ጦና ከአግዳሚው ተስፈንጥሮ ተነሣ። አባቴ ታላቁ ነው፤ ሲጠራው ቁጭ ብሎ መልሶለት አያውቅም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና "አቤት ጋሼ!" አለ።

"ልጁን ተወው፤ ሰማህ?"

"እሺ ጋሼ።"

ብሎ ጨረሰ። ያለውን ያወቀው ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ግን አንዴ ተነሥቷል፣ አንዴ እሺ ብሏል። በማግስቱ ብቻውን ሄደ።

ጋሽ አንጁሎ ውኃ ለመነ። ባንድ ትንፋሽ ጠጣው። ሥጋ ብላ ቢሉት አልበላም፤ ሻንጣውን አንሥቶ ወጣ።

ካሴቱ ለእኔና ለታምሩ ቀረልን። ሳገላብጠው አንድ ነገር አየሁ። በካሴት ጀርባ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ ከተሰበሩ ቴፑ በላዩ ሌላ ነገር አይቀዳም። ጋሽ አንጁሎ የሰው ቃል በቀዳ ቁጥር ወዲያው በቢላዋ ጫፍ ሲሰብራቸው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የአባቴም ካሴት ጥርሶቹ ተሰብረዋል። ቀዳዳዎቹ ግን በታጠፈ ወረቀት ጥቅጥቅ ተደርገው ተደፍነዋል፤ እንደገና እንዲቀዳበት። እንዲህ ያለ ነገር በስህተት አይሆንም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ቢሆንም ይህ ገባኝ፤ ወረቀቶቹን አውጥቼ ጣልኩና ለማንም ሳልተነፍስ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላም ጋሽ አንጁሎ ጥቂት ዓመታት መጥቷል፤ ጉማሬውንም ቢምቢውንም ይዞ። የሰው ቃል ግን አልተቀበለም። ሴቶቹ ካሴት ይዘው ዋርካው ሥር ሲሰለፉ "ቴፑ ተበላሽቷል" ይላቸዋል። አልተበላሸም፤ ሻንጣው አጠገብ ሲዘፍን ሰምቼዋለሁ። መተዳደሪያውን በገዛ እጁ ዘጋው። ኋላ መምጣቱንም ተወ፤ ወደ ጂንካ ተሻግሯል ያሉ አሉ፤ መጨረሻውን አላውቅም።

አባቴ በቀጣዩ መስቀል መጣ፤ በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ጊዜ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ተሸክመን ስንመለስ፣ ሳላስበው ስለ ካሴቱ ጠየቅኩት። ሸክሙን አወረደ።

"‘ላኪው’ ነው ያልኩት" አለኝ። "እያለቀስኩ ነው ያልኩት፤ ግን ላኪው ነው ያልኩት። አንጁሎ ቀድቶ ሲጨርስ ‘እንደገና እንቅዳው?’ አለኝ፤ አይ፣ በቃ አልኩት። ኋላ ጦና መጥቶ ‘በአንድ አፍ ሁለት ትናገራለህ ወይ?’ ብሎ ጮኸብኝ። አንጁሎን ባገኘው ኖሮ አንቀው ነበር። ከዚያ ግን ጦናን ‘እስቲ ድገምልኝ፣ ምን ነበር ያልኩት?’ አልኩት። ደገመልኝ።" ወደ ወንዙ ዞረ። "እንደዚያ የሚል ሰው መሆን እንደምችል አላውቅም ነበር ልጄ።"

ያን ቀን እውነቱን የተናገረው ጦና ብቻ ነበር፤ ውሸታም ተብሎ የሄደውም እሱ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ጋሽ አንጁሎን ሳስብ ግን ያው የድሮዋ ልጅ ነኝ፤ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። ጉማሬና አይሱዙ ያመጣ ሰው ሞልቶ ይሆናል፤ ከቴፕ ውስጥ ሰውዬው ያላለውን፣ ሊለው ግን የሚገባውን ሰምቶ ያመጣ ሌላ አላውቅም። ታምሩ ዛሬ ገረሴ ሒሳብ ያስተምራል። አባቴም ያን ድምፅ ሲከተለው ኖሮ በመጨረሻ ደረሰበት።

እናቴ ግን እስከ ዛሬ አታውቅም። አባቴ በሕይወት ሳለ በሆነ ባልሆነው ሲጣሉ፣ መንገድ ሲያበዛ ወይ ለልጆቹ ደብተር መግዣ ሲያዘገይ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "በካሴቱ ያልከውን ረሳኸው?" ትለው ነበር።

እሱም ኮፍያውን እያስተካከለ፣ "ኧረ አልረሳሁም" ይላታል።