ሸራው ታጥፎ ያላለቀው ቴአትር

በደርግ ዘመን ነው። የሸሕዲ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ከመፈክርና ከዘፈን ወጥቶ ደህና ቴአትር ሊያሳይ ተነሣ። ያዘጋጀልን ከጎንደር የመጣ አስተማሪ ነበር። ቴአትሩ ሦስት ገቢር እንዳለው፣ ገቢሩም በትዕይንት እንደሚከፈል በጠመኔ እየሣለ አስረዳን። ሰው ሲገባና ሲወጣ ትዕይንቱ ይለወጣል፤ ገቢር ሲያልቅ ግን መጋረጃ ይዘጋል። በአንደኛውና በሁለተኛው ገቢር መካከል ሦስት ዓመት ያልፋል ሲለን ፈዝዤ ቀረሁ። ያ ሁሉ ጊዜ የት ነው የሚያልፈው? ዛሬም የቆላው ሙቀት ሲያደነዝዘኝ ይህንኑ አስባለሁ።

በቴአትሩ ያለችውን ልጅ ሆኜ የተጫወትሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ገቢር አባቷን «ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም» ብላ ትሄዳለች፤ በሦስተኛው ተመልሳ እግሩ ላይ ትወድቃለች። አባቴ ሴት ልጅ መድረክ መውጣቷ አልተዋጠላቸውም ነበር። ስንት ቀን ለምኛቸው እሺ አሉ፤ መጋረጃ ሲጠፋም የሰሊጥ ማራገፊያ ሸራቸውን አዋሱን። ጭብጨባው ግድ አልሰጠኝም። እግር ላይ ስወድቅ አባቴ እንዲያዩኝ ብቻ ነበር የጓጓሁት።

እሑድ ከሰዓት በባዶው የእህል መጋዘን ጀመርን። አባቴ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ የጉልበት ሠራተኞቻቸውን አስከትለው ፊት ተቀመጡ። አባቷን ሆኖ የጥጥ ጢም ለለጠፈው ጓደኛዬ ያችን ክፉ ቃል ተናገርሁና ወጣሁ፤ ሸራው ተዘጋ። ከኋላው ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። በሸራው ቀዳዳ የገባው ብርሃን እጄ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ የሰሊጡ ብናኝ ይሸታል፤ ሦስቱን ዓመት እየጠበቅሁ ነበር።

«በቃ፣ አለቀ፤ ተነሡ» ሲሉ ሰማሁ፤ የአባቴ ድምፅ ነው።

በእኛ አገር ሰሊጡ ተራግፎ ሸራው ከታጠፈ ማንም ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ሥራው አልቋል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ሸራ ሲያጥፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መጋረጃ ሆኖ ሲዘጋም የታጠፈ መሰላቸው። ሠራተኞቹም ተከትለዋቸው ወጡ። አስተማሪው ሮጦ ሲደርስ ግማሹ መቀመጫ ባዶ ነበር። ሦስተኛው ገቢር ላይ ማልቀሴን የቀሩት ሰዎች አደነቁልኝ። የምሬን ነበር የማለቅሰው።

በማግስቱ ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ማሳ ወረድሁ። ሸራው ተዘርግቶ፣ ሠራተኞቹ የደረቀውን ሰሊጥ እየገለበጡ ያራግፋሉ።

«አባየ፣ ትናንት እኮ አላለቀም ነበር» አልኋቸው።

«ሸራው ታጠፈ አይደል?»

«እሱ አንደኛው ገቢር ነው። ገና ሁለት ይቀረው ነበር።»

አንዱን ነዶ ገልብጠው አራገፉ። «ታዲያ ልጅቱ ምን ሆነች?» አሉኝ።

ሳህኑን አስቀምጬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሠራተኞቹ ማራገፉን ተዉት። ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። በቴአትሩ አባትየው እዚህ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ይናገራል። አባቴ ግን ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ሦስት ዓመት የፈጀ መሰለኝ።

«ተነሽ ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «የሰሊጡ ጉቶ ጉልበትሽን ይወጋሻል።»