ጀርባዋን ለመንገዱ የሰጠች ሴት

ካልሲ ሻጯ ሴትዮ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። ገዢ ሲመጣ አንገቷን ሳታዞር በትከሻዋ በኩል ታቀብላለች። የቱንም ያህል ቢበርዳት ሻርፗን ጆሮዋ ላይ አትጠመጥምም።

በረንዳውን የምትጋራት ልብስ ሰፊ አንድ ቀን አላስችል አላት።

«ምነው እህቴ፣ ዞር ብለሽ አላፊ አግዳሚውን ብታዪ? ገበያሽም ይደራ ነበር።»

«ማየቱ በቅቶኛል» አለች ሴትዮዋ። «መስማቱ ይሻለኛል።»

እውነትም ትሰማለች። ተማሪዎች እየተንጫጩ መንገድ ሲሻገሩ ካልሲ ማጣጠፏን ታቆማለች፤ ድምፃቸው ማዶ ሲደርስ ደግሞ ትቀጥላለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ መኪና በድንገት ፍሬን ሲይዝ የጎማው ሲጥታ መንገደኛውን ሁሉ አስደነገጠ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ሴትዮዋ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ቀኝ እጇ ብቻ ወደ ጎኗ ተወርውሮ፣ በትንሽ ልጅ ቁመት ልክ አየሩን ጨብጦ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን ጥላ ተነሳች። የራሷን እጅ በዚያ ባዶ ጭብጥ ውስጥ አስገባች። ሴትዮዋ እስኪያማት ድረስ አጥብቃ ያዘቻት።

«ይዤሃለሁ፣ ማሙሽ» አለች በለሆሳስ። «አሁን ይዤሃለሁ።»